ለቅሶ የማይቀረው ካሜራ ገዢ

ባሮክን አልወደውም። መጀመሪያ ይሄን ልናገርና ይውጣልኝ። ስለ ሰው ሲወራ ደጉም ክፉውም ይነሣ ይባላል፤ የእሱን ደግነት የሚያውቅ ካለ እሱ ያውራ፣ እኔ የማውቀውን ነው የምናገረው። ሎሚ እባላለሁ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተወልጄ፣ እዚያው ወልጄ፣ እዚያው አርጅቻለሁ። በእድራችን የወጥ ቤቱ ኃላፊ ነኝ፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ሳይተከል ድስት የምጥደው እኔ ነኝ። ስለዚህ ማን ከልቡ እንደሚያለቅስ፣ ማን ለንፍሮው እንደሚመጣ ከእኔ አይሰወርም።

ባሮክ ድሮ ቆራሌው ነበር። ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ቆራሌው!» እያለ ዳገታችንን ሲወጣ ሲወርድ፣ ያረጀ ጫማ፣ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ሬዲዮ ሲሰበስብ አውቀዋለሁ። በዚህ አልንቀውም፤ ሠርቶ መብላት ነው። አንድ ቀን ግን ከአንዱ ቤት አሮጌ የፊልም ካሜራ በጠርሙስ ዋጋ ገዛና ለፈረንጅ ሸጠው። ከዚያ ወዲያ ጠርሙስ ቀረ። ማዳበሪያውን ጥሎ የቆዳ ቦርሳ ያዘ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ገባ፣ አንዱን ክፍል በመስታወት ቁም ሳጥን ሞላው። ካሜራ በለው፣ ሌንስ በለው፣ ፎቶ የሚታጠብበት ሳህን፣ ቀይ አምፖል፣ ብቻ ድሮ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ የነበረ ነገር ሁሉ እሱ ዘንድ አለ። ፎቶ ያነሳበታል ወይ? ምን ሲደረግ! ፈረንጁ ይገዛዋል፣ ባለ ሆቴሉ ለጌጥ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

ዕቃው የሚገኘው ደግሞ ከሽማግሌ ፎቶ አንሺዎች ነው። ሽማግሌ በሕይወት እያለ ካሜራውን አይሸጥም። ቢርበውም አይሸጥም። ይሄን ባሮክ ዘግይቶ ገባውና ዘዴ ፈጠረ። እድራችን ዘመናዊ ሆኛለሁ ብሎ ጥሩንባውን ትቶ መርዶውን በቴሌግራም ነው የሚለቀው፤ እሱ እዚያ ላይ ተጥዶ ማን ሞተ እያለ ይጠብቃል። ከዚያ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከች! እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት የመጣን ሰው «ማን ነህ? ሟቹን ከየት ታውቀዋለህ?» ማለት ነውር ነው። ያለቀሰ ሁሉ ዘመድ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? ሞኞቹ እኛ ነን።

ጋሽ አባይነህ ያረፉት ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። የሰፈራችን ፎቶ ቤት የእሳቸው ነበር፤ የእኔን ሠርግ፣ የልጆቼን ክርስትና፣ የሁላችንንም ጉርድ ፎቶ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ከልጃቸው ከመቅደላዊት በቀር ሰው አልነበራቸውም። መቅደላዊት ጨለማ ክፍል ውስጥ በአባቷ እግር ሥር ያደገች፣ ፊልም አጥባ፣ ምስሉን በማሳደጊያው መሣሪያ አጉልታ ወረቀት ላይ ማተም እንደ እሳቸው የምትችል ልጅ ናት። የፊልም ነገር ሲቀር ፎቶ ቤቱ ተዘጋና አያት ሰፈር አንድ ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ሆና ገባች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል እግሯ ያብጣል። አሁን ደግሞ ዘመኑ ተገለበጠና ወጣቶቹ የፊልም ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እንጦጦ ላይ ፎቶ ሲነሳሱ መዋል ጀመሩ፤ አጥቦ የሚያትምላቸው ግን የለም። እየደወሉ ለመኗት። እሷም ሥራዬን ልልቀቅና የአባቴን ቤት ልክፈት ብላ ቆረጠች። አባቷ ሳይታመሙ አብረው ግድግዳውን ቀለም ሲቀቡት በዓይኔ አይቻለሁ።

ለቅሶው ላይ ባሮክ መጣ። አለቃቀሱን ብታዩት! «ጋሼ! አስተማሪዬ!» እያለ ደረቱን ደቃ፣ ውሃ አስታጠበ፣ ወንበር ደረደረ፣ ከጎረምሶቹ ጋር ድንኳን አደረ። እኔ ቆራሌውን አውቄዋለሁ፤ ምናልባት በዕቃ ተዋውቀው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። በሠልስቱ ሰዉ ሳሳ ሲል መቅደላዊት ፊት ተንበረከከ።

«እህቴ፣ እንዲህ ባለ ሰዓት አይወራም» አላት። «ግን ጋሼ የፎቶ ማሳደጊያውን ሌንስ ለእኔ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ለመታሰቢያ። ብትከለክዪኝም አልቀየምሽም።»

የሙት ቃል! የሙትን ቃል ማን ያጥፋል? የአባቴ አጥንት ይወጋኛል ብሎ የማይፈራ ማን አለ? ማሳደጊያው ያለ ሌንሱ ብረት ነው፣ ፎቶ ቤቱም ያለ እሱ አይከፈትም፤ ይሄን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። አውቃ ነው የሰጠችው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ አድርጋ። ምን ይባላል? በኋላ ሌላ ልግዛ ብላ ሰው ብታጠያይቅ፣ የተሰጣት ስልክ ሁሉ የሚመራት ወደዚያው ወደ ባሮክ ሆነ። ከተማው ውስጥ የነበረውን አንድ በአንድ ለቅሞታል። የጠራው ዋጋ ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። ልጅቷ ወደ ቁም ሥራዋ ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ የእንጦጦው አቶ ሰቦቃ ሞቱ። ከኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፉ መሀል ነው ቤታቸው፤ ለንግሥ የሚወጣውን ሰው ፎቶ እያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። እድርተኛችን ስለነበሩ ድስቴን ይዤ ወጣሁ። በሠልስቱ ከድንኳኑ ጀርባ ሽንኩርት ስከትፍ የማውቀው ድምፅ መጣ። ለባለቤታቸው ለብዙነሽ ነው የሚያወራው።

«እንዲህ ባለ ሰዓት አይወራም፤ ግን ጋሼ ካሜራቸውን ለእኔ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ለመታሰቢያ።»

ቃል በቃል! አንዲት ፊደል ሳትጎድል! ደሜ ፈላ። ቢላዋውን እንደያዝኩ ድንኳኑ ውስጥ ዘው አልኩ።

«አንተ ቀጣፊ! የሞተ ሁሉ ቃል የሚገባው ለአንተ ብቻ ነው? የአባይነህን ልጅ እንጀራ መንጠቅህ አልበቃህም?» የመጣልኝን ስድብ በአማርኛም በኦሮምኛም አወረድኩበት።

ማን ሊሰማኝ! ያየው ሁሉ ቢላዋውን ነው። «ኧረ ነውር ነው እትዬ ሎሚ! ለቅሶ ቤት!» ብለው ተረባረቡብኝ። ብዙነሽ ራሷ «በባሌ ለቅሶ ጠብ አታንሺብኝ» ብላ አለቀሰች። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሊሊሳ ቢላዋዬን ተቀብለው ወደ ውጭ አወጡኝ። ባሮክም ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ተከተለን።

«እትዬ ሎሚ፣ ስሜን አጠፉት» አለኝ ረጋ ብሎ። እርጋታው ነው የሚያቃጥለኝ።

«እውነት ከሆነ ማል!» አልኩት። «ኪዳነ ምሕረት ደጅ ቆመህ፣ አባይነህ ሌንሱን ለእኔ ብሏል ብለህ ማል። ከማልክ አፌን እዘጋለሁ። ካልማልክ ሌንሱን ለልጅቷ ትመልሳለህ።»

«እምላለሁ» አለ።

ጋሽ ሊሊሳ «ይሄ ዳኝነት ነው፤ በኋላ ወደ ኋላ የለም። ሁለታችሁም ተቀብላችኋል?» ብለው ጠየቁን። ተቀበልን። እኔማ ደስ ብሎኝ! በሐሰት የማለ ይታወራል፣ ዓመት አይሞላውም እየተባልን ነው ያደግነው። በውሸት ኪዳነ ምሕረትን ከምጠራ እሳት ብጎርስ ይሻለኛል። ደጁ ሲደርስ ይርዳል፣ ይንበረከካል፣ ሌንሱን ያወጣል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ለመቅደላዊትም ደውዬ «ነይ፣ ሌንስሽን ተቀበይ» አልኳት። ከሥራዋ አስፈቅዳ መጣች።

በወሩ አሥራ ስድስት ከቅዳሴ በኋላ ደጁ ላይ ተሰበሰብን። ቄሱ «ቤተ ክርስቲያን ማሉ አትልም፤ እኔ የለሁበትም» ብለው ጥለውን ሄዱ። ባሮክ ጫማውን አወለቀ፣ በሩን ተሳለመ።

«ጋሽ አባይነህ ሌንሱን ለእኔ ቃል ገብተውልኛል። ብዋሽ ኪዳነ ምሕረት ትፍረድብኝ።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። መቅደላዊት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ቁልቁል ማየት ጀመረች። ጋሽ ሊሊሳ «በይ እንግዲህ፣ ይቅርታ ጠይቂው» አሉኝ። ዳኝነቱን የጠየቅኩት እኔ፣ የተቀበልኩት እኔ፤ ምን መግቢያ አለኝ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጎንበስ ብዬ ትከሻውን ሳምኩ። «ይቅር ብያለሁ እናቴ» አለኝ። እናቴ! ምላሱን ይቁረጠውና!

ከዚያ ጠበቅን። እውነቴን ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጠበቀ። ታመመ ሲባል እንሰማለን ብለን ጆሯችንን አቆምን። አያት የሚኖር ዘመድ ያለው ሁሉ «እንዴት ነው ሰውዬው? አላነከሰም? አልከሳም?» ተብሎ ይጠየቃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ስንቴ ነጋ መሰላችሁ፣ የጠራ ነገር ግን አላየሁም። ሰውዬው እንዲያውም ወፈረ። መኪና ገዛ። ጋሽ ሊሊሳን ሳገኛቸው «ምሏል እኮ፤ ምናልባት እውነቱን ይሆናል» ይሉኝ ጀመር። ከእሳቸው ጋርም ተኳረፍኩ።

በዚያው መኪና ነው ከፋሲካ በኋላ መቅደላዊት ደጅ የቆመው። እሑድ ነው። ልጅቷ እግሯን በሞቀ ውሃና ጨው ዘፍዝፋ እያወራን ነበር።

«ሰላም ነው መቅዲ? እንደምን ነዎት እትዬ ሎሚ?» ብሎ ገባ። እንደ ዘመድ! ሳይባል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለሌንሱ ደህና ገዢ ማግኘቱን ነገረን፤ ፈረንጁ ግን ማሳደጊያው ከነሌንሱ ሙሉ ካልሆነ አልፈልግም ብሎታል። ለመታሰቢያ ብሎ የወሰደውን ሌንስ እኮ ነው እፊታችን ቁጭ ብሎ ልሸጠው ነው የሚለን!

«ማሳደጊያው ላንቺ አሁን እንዲሁ ብረት ነው» አላት። «ቦታ ከሚይዝብሽ ስጪኝ። ደህና አድርጌ እከፍልሻለሁ።»

አፌን ልከፍት ስል መቅደላዊት እጄን ያዝ አደረገችኝ። እግሯን ከውሃው አውጥታ፣ በባዶ እግሯ ሄዳ የጨለማ ክፍሉን በር ከፈተችለት። ማሳደጊያው አቧራ እንኳ አልነካውም፤ በላስቲክ ሸፍናዋለች። የባሮክ ዓይን በራ። ሊነካው እጁን ዘረጋ። ይሄኔ በሩን መልሳ ቆለፈችውና ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከተተች።

«አባዬ ስለ ብረቱስ ቃል አልገባልህም?» አለችው።

የዘረጋውን እጁን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ።

«እንግዲያው ጠብቅ» አለችው። «እኔ ስሞት ና። ማልቀስ እንደሆን ትችልበታለህ።»