እቴ ዘሀራ እና ከጅዳ የመጣው የካርቱን ሳጥን

ባለፈው ሰሞን ደሴ ወጥቼ ለልጄ የሥዕል መጽሐፍ ገዛሁ። ባለሱቁ የታሸገበትን ላስቲክ በጥፍሩ ሰንጥቆ ሲገልጠው የአዲስ ቀለምና የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሽታ ወጣ። መድኃኒት መድኃኒት የሚል፣ ግን ደግሞ ትንሽ የሚጣፍጥ ሽታ ነው። መልሴን ሳልቀበል እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያንን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት ሐይቅ ከተማ፣ ከቤታችን አጥር ማዶ፣ እቴ ዘሀራ በረንዳ ላይ ነው።

የእኛን ግቢና የእነሱን ግቢ የሚለየው የቅንጭብ አጥር ብቻ ነበር። አጥሩ መሀል ላይ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው፤ ድስት የሚዋሰው፣ ክብሪት የሚጠየቀው፣ በእኛ ፋሲካም በእነሱ ዒድም የዳቦ ሳህን የሚመላለሰው በዚያ ነው። የእቴ ዘሀራ ልጅ ሀያት እኩያዬ ነበረች። እናቷ ጡት እንኳ በቅጡ ሳታስጥላት ለራሷ ታላቅ እህት ለከድጃ ሰጥታት ዐረብ አገር ሄደች። ከድጃ ልጅ አልነበራትም፤ ሀያትን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው ያሳደገቻት፣ ሀያትም እሷን ነው «እማ» የምትላት። እናቷ ለሀያት በስልክ የምትመጣ ድምፅ ብቻ ነበረች። ስልኩን ወደ ጆሮዋ ሲያስጠጉላት «ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ መልሳ ለከድጃ ታቀብላለች።

አራተኛ ክፍል ሳለን እቴ ዘሀራ መጣች። ከዐረብ አገር የሚመጣ ሰው ሻንጣው በሁለት ሰው የሚነሣ፣ አንገቱ ወርቅ የጠለቀበት ነው ብለን ነበር የምንጠብቀው። እሷ የመጣችው በአንዲት ሻንጣና በጥቁር አባያ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ በታቀፈችው አንድ ነገር ነው። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ከላይ ልጫንልሽ ቢላት እንቢ ብላ ከደሴ እስከ ሐይቅ ጭኗ ላይ አድርጋ እንደመጣች ሰፈሩ ሁሉ አወራ። ሕፃን ይሆን እንዴ ያለም አልጠፋም።

ሳጥን ነበር። የጃፓን ካርቱን ፊልም ዲስኮች የተቀመጡበት፣ ክዳኑ ሲዘጋ በማግኔት ቀጭ የሚል ወፍራም ሳጥን። ላዩ እንደ ሐር ይለሰልሳል፤ ጽሑፉ በጃፓን ፊደል ስለሆነ ከመሀላችን የሚያነበው አልነበረም። ውስጡ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ነው። ዲስኮቹ በየማደሪያቸው እንደ ጨረቃ ያበራሉ። ከዲስኮቹ ሌላ የሥዕል መጽሐፍ አለ፤ በፖስታ ውስጥ የተቀመጡ ካርዶች አሉ፤ ተዘርግቶ ግድግዳ የሚሸፍን ሥዕል አለ፤ የካርቱኗ ልጅ አምሳያ የሆነች፣ መቅዘፊያ የያዘች ትንሽ አሻንጉሊትም አለች። ጥግ ላይ ደግሞ ፍሬ ፍሬ የሚል ነገር ያለበት ትንሽ ከረጢት ተሸጉጦ ነበር። ስኳር መስሎን ልንቀምስ ስንል እቴ ዘሀራ ቀማችንና እርጥበት የሚመጥ ነው፣ ቢበላ ሆድ ያቆስላል አለችን። የታሸገበትን ላስቲክ ሳይቀር አልጣለችውም፤ አጣጥፋ ከሥሩ አስቀምጣዋለች።

ሳጥኑን የሰጠቻት ሪም ናት። ሪም ጅዳ ውስጥ እቴ ዘሀራ ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ልጅ ነበረች። ካርቱኑን መጀመሪያ ሁለቱ አብረው ሶፋ ሥር ተቀምጠው በቴሌቪዥን ያዩት ነበር፣ በዐረብኛ ተተርጉሞ። በኋላ የልጅቱ አባት ጃፓን ደርሶ ሲመለስ ይህን ሳጥን አመጣላት። ከእናቴ እንደሰማሁት ሪም ክፉ ደጉን ስትለይ እቴ ዘሀራን በዐረብኛ «እናቴ» ማለት ጀመረች። የወለደቻት ሴት ይህን ስትሰማ ቅናት ገባት፤ አንድ ጠዋት ጓዝሽን ጠቅልዪ አለቻት። ሪም የምትሰጣት ሌላ ነገር ስላልነበራት ከሁሉ የምትወደውን ሳጥን እያለቀሰች አስታቀፈቻት። እቴ ዘሀራ ይህን ለእናቴ የነገረቻት በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ነበር። እናቴ «አብሽሪ፣ አሁን የራስሽ ልጅ ጋ መጣሽ» አለቻት። እቴ ዘሀራ ግን ወደ ቤቷ ገባች።

የሰፈሩ ልጆች ፊልሙን ለማየት ቋምጠን ነበር። መንገድ ዳር ወዳለው ቪዲዮ ቤት እቴ ዘሀራን ተከትለን ሄድን። ሰውዬው ዲስኩን ከተተ፤ ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመና ሰማያዊ ስክሪን ላይ የማናነበው ጽሑፍ አውጥቶ ዲስኩን መልሶ ተፋው። ሁሉንም ሞከረ። በመጨረሻ ይህ ለሌላ አገር ማጫወቻ የተሠራ ነው፣ እዚህ አይከፍትም አለን። እኛ አዘንን። እሷ ግን ዲስኮቹን እንደ እንቁላል እየያዘች ወደ ማደሪያቸው መለሰችና ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳዬ ላይ ኑ፣ እኔ እነግራችኋለሁ አለች።

እንዲህ ነው የጀመረው። ቅዳሜ ቅዳሜ እጃችንን በሳሙና ታጥበን፣ በየተራ አሳይተናት፣ ሰሌን ላይ እንቀመጣለን። እሷ የሥዕል መጽሐፉን ትገልጣለች፤ ያ ሽታ ይወጣል፤ ታሪኩም ይቀጥላል። የካርቱኗ ልጅ በዐረብኛው ስሟ ናዳ ነው። ፀጉሯ ሰማያዊ ነው፣ በአንድ ሐይቅ ላይ ሰው በጀልባ ታሻግራለች። እቴ ዘሀራ ስትተርከው ጀልባው ታንኳ ሆነ፤ ማዶ ያለው ተራራ አምባሰል ሆነ፤ ተሻጋሪዎቹም እንደኛ ሰፈር ሰው «ምነው፣ ደኅና አደራችሁ?» ይባባሉ ጀመር። ክፉው ሰው ሲመጣ ድምፅዋ ይወፍራል፤ ናዳ ስትናገር ይቀጥናል። እኔ ናዳ የእኛ ሐይቅ ልጅ ናት ብዬ አምኜ ቆይቻለሁ።

ሀያት ግን ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። የከድጃ ጓዳ በር ላይ ሆና ምስር ትለቅማለች፣ ወይም የለቀመችውን መልሳ ትለቅማለች። ነይ ስንላት ሥራ አለብኝ ትላለች። እናቷንም እንደኛው «እቴ ዘሀራ» ነበር የምትላት። ሀያት እንዲያ ስትጠራት እቴ ዘሀራ ቶሎ «አቤት» ትላለች፤ ከዚያ ግን ከንፈሯን ትነክሳለች። አንድ ቀን አሻንጉሊቷን ለሀያት ልትሰጣት ስትል አየኋት። ሀያት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ የሰው ነው አለች።

ማሽላው ሲያሽት ትምህርት ቤት ውለን የወፍ ጥበቃ እንሄድ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ቅዳሜ እቴ ዘሀራ ሳጥኑን ዘረጋችው፤ ማደሪያዎቹ ባዶ ናቸው። ዲስኮቹ ከሥራቸው ይሸፍኑት የነበረው ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየን፤ ናዳ በባዶ ታንኳ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ወዲያው ከመሀላችን አንዷ ጠዋት በእነ ከድጃ ማሳ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ዓይኗን እንደወጋት ተናገረች። እቴ ዘሀራ ተነሣች። ሻርፗን እያስተካከለች ቀድማ ስትሄድ እኔ ተከተልኋት፤ ሌሎቹ ፈርተው ቀሩ።

ማሳው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ገና ከሩቅ ብልጭ ብልጭ ይላል። ዲስኮቹ መሀል ለመሀል ባለው ቀዳዳቸው በሲባጎ ታስረው ከእንጨት እንጨት ተንጠልጥለዋል፤ ነፋሱ በገፋቸው ቁጥር ፀሐይዋን ወደ ማሽላው ይረጫሉ። የወፉ መንጋ መጥቶ ሊያርፍ ሲል ደንግጦ ይመለሳል። ሀያት በመሀል ካለው ማማ ላይ ወንጭፏን ይዛ ቆማለች። እኛን ስታይ አልወረደችም።

«አይሠሩም ተብሏል» አለች ከላይ ሆና። «እዚህ ግን ይሠራሉ።»

እቴ ዘሀራ ከማማው ሥር ቆመች። ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር አለቻት፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። ሀያት ወንጭፉን እጇ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው።

«የሪም ጥርስ ሲነቀል አንቺ ነሽ አሉ ጣሪያ ላይ የወረወርሽላት» አለች። «የኔን እማ ናት የወረወረችው። አንቺ የት ነበርሽ?»

«የሰው ቤት» አለች እቴ ዘሀራ። ሌላ ነገር የምትጨምር መስሎኝ ነበር። «የሰው ቤት ነበርኩ፣ ልጄ» ብቻ አለች።

ከዚያ ጫማዋን አወለቀች። ዲስኮቹን ልትፈታ ነው ብዬ ስጠብቅ የማማውን እንጨት ይዛ መውጣት ጀመረች። እንጨቱ ከሥሯ ይንቀጠቀጣል። ሀያት መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰችም፤ በኋላ ግን ቦታው ጠባብ ነውና ወደ ጥግ ጠጋ አለችላት። ከታች ሆኜ የማየው ሁለት ጀርባ ብቻ ነበር። ወፍ ሲመጣ ሀያት ወነጨፈች። ሁለተኛ ሲመጣ ወንጭፉን ለእናቷ ዘረጋችላት። እቴ ዘሀራ ዐረብ አገር ስትኖር እጇ ረስቶታል፤ ድንጋዩ ወደ ኋላ በርሮ ከእኔ አጠገብ ወደቀ። ሀያት ሳቀች። ሳቋን ለመያዝ አፏን ሸፈነች፣ አልያዘላትም። ከዚያ የእናቷን እጅ ይዛ፣ አውራ ጣት የት እንደሚሆን፣ የቱ ጫፍ እንደሚለቀቅ ታሳያት ጀመር።

ዲስኮቹ አዝመራው እስኪሰበሰብ እዚያው ተንጠለጠሉ። እቴ ዘሀራም የቅዳሜውን ትረካ ትታ በየቀኑ ማሳ ትውል ነበር። እኛ ልጆቹ ትንሽ ቅር አለን። የናዳን ታሪክ መጨረሻ ሳንሰማ ቀረን፤ ማማው ላይ ለሀያት ነገረቻት ወይስ አልነገረቻትም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያ አዝመራ ከገባ በኋላ ከድጃ ታመመች። መጀመሪያ እግሯ አበጠ፣ ቀጥሎ ትንፋሽ አጠራት። ደሴ ወስደዋት ልቧ ነው፣ አዲስ አበባ ሄዳ መታከም አለባት ተባለ። በሬው ተሸጠ፤ አልበቃም። እቴ ዘሀራ ተመልሼ ዐረብ አገር እሄዳለሁ ስትል ከድጃ ከአልጋዋ ላይ ሆና ለመነቻት፤ ልጅሽን ደግመሽ አትተዪ፣ የኔን አላህ ያውቃል አለቻት። እናቴም መከረቻት። እቴ ዘሀራ እናቴን «ልጄን ያሳደገችልኝን ሴት እያየሁ ላስቀብራት ወይ?» ብላ ጠየቀቻት።

የሄደች ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ሀያት አልመጣችም። እቴ ዘሀራ በሚኒባሱ መስኮት ወደ ሰፈሩ መንገድ ስታይ፣ ስታይ፣ ረዳቱ በሩን ዘጋው። ስንመለስ ሀያት የከድጃ እግር ሥር ተቀምጣ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አገኘናት። ዲስኮቹን አንድ በአንድ በነጠላ ጫፍ እየወለወለች ወደ ማደሪያቸው ትመልሳለች። ፀሐይና አቧራ በልቷቸው ነበር፤ አልነጹም።

ከድጃ በተላከላት ገንዘብ ታክማ ዳነች። እቴ ዘሀራ ግን አልተመለሰችም። ሁለተኛ በገባችበት ቤት ታማ፣ እዚያው አፈር ቀመሰች። ወሬው የመጣው አብራት በነበረች ሴት ስልክ ነው። የማይቀበሩት ሰው ለቅሶ ከባድ ነው፤ ሰው መጥቶ ይቀመጣል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ ግን ወደየት ተዙሮ እንደሚለቀስ አይታወቅም። ከድጃ በእኔ ተለወጠች እያለች ደረቷን ትመታ ነበር። ሀያት አላለቀሰችም። ይህ ለብዙ ጊዜ አስፈራኝ።

ዛሬ ሀያት እዚያው ሐይቅ አስተማሪ ናት፤ አግብታ ወልዳለች፣ ከድጃንም ወደ ቤቷ ወስዳ ትጦራለች። አምና ቤት ስትቀይር ሳጥኑን በስልኳ ፎቶ አነሣችና ይህን የሚያውቅ አለ ወይ ብላ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው፤ ከሥሩም እናቴ ዘሀራ ከጅዳ ያመጣችው ብላ ጻፈች። እንዲህ ያለ ነገር የሚሰበስቡ ሰዎች ከማናውቀው አገር ሁሉ ተንጫጩ። አንዱ ሙሉ ነው ወይ ይላል፣ ሌላው አሻንጉሊቷ አለች ወይ ይላል። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሞ አንዲት ሴት በዐረብኛ ድምፅ ላከችላት።

ሀያት ስልኩን ይዛ ቤቴ መጣች። ከዐረብ አገር የተመለሰች ጎረቤቴን ጠርተን አስተረጎምን። ሪም ነበረች። አግብቻለሁ፣ ልጅ አለኝ፣ እናቴ ዘሀራ የት ናት፣ አናግሩልኝ ትላለች። ሀያት የእናቷን መሞት አስተርጉማ ላከች። ከዚያ ወዲያ የመጣው ድምፅ ትርጉም አላስፈለገውም። ሀያት እስኪያልቅ ሰማችው። ሲያልቅ ጎረቤቴን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ አለቻት፦ «እናቴ እንዴት ያለች ሰው ነበረች?»

መልሱ ለቀናት ቆየ። የመጣው ከድጃን ልጠይቅ ሀያት ቤት ሄጄ ቡና እየጠጣን ሳለ ነው። ሪም ወሬ አልላከችም። ከጀርባ የሕፃን ንጭንጭ ይሰማል፣ እሷ እሽሩሩ ትላለች፤ በአማርኛ፣ በወሎ ዜማ፣ ትርጉሙን በማታውቀው ቃል። ከድጃ ከትራሷ ቀና አለች። የእናታችን ነው አለች፣ እኛም ያደግንበት፣ ሀያትንም ያሳደግሁበት።

ሀያት ደጋግማ ሰማችው። መሀል ላይ ሪም አንድ ቃል ታበላሻለች፤ እዚያች ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር የሀያት ከንፈር ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች፣ መቅጃውን ተጫነች፣ ከዚያች ከተበላሸችው ቃል ጀምራ ቀስ ብላ ዘፈነችላት።