ሰልፍ ላይ የተነበበው ወረቀት

የመጀመሪያ ልቦለዴን የጻፍኩት በእጄ ነው፤ አምስት ደብተር ሙሉ። አቃቂ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ የጠዋት ፈረቃ ስሆን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስጽፍ እውላለሁ። ታሪኩ ባሏ ስለታሰረባት ሴት ነው። ሲያልቅ ደብተሮቹን በፌስታል ይዤ ቃሊቲ፣ ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ወዳለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ሄድኩ። ታይፒስቷ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቀኑን ሙሉ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስትጽፍ የምትውል፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ነበረች።

በሦስተኛው ሳምንት ደወለችልኝ።

"ነይና ደብተርሽን ውሰጂ።"

"አለቀ?"

"አላለቀም። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ አቁሜያለሁ።"

ሰባተኛው ምዕራፍ ባለታሪኳ ባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠይቅበት ነው። ከሁሉም የምኮራው በእሱ ነበር። ዝናብ ይዘንባል፤ እሷ ታለቅሳለች፣ እሱም ያለቅሳል፤ ስምንት ገጽ ሙሉ ሲላቀሱ ይቆያሉ።

ስደርስ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ "እስር ቤት ሰው ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"ያስታውቃል።"

ደሜ ፈላ። ያመጣሁልሽ እንድትጽፊው እንጂ እንድታርሚው አይደለም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን ቀጠለች። "ወንድሜ ከገባ አራተኛ ዓመቱ ነው። በየሳምንቱ እሄዳለሁ። አንድ ቀን እንኳን ለማልቀስ ጊዜ አግኝቼ አላውቅም።" መጻፏን ሳታቆም፣ "እሁድ ምግብ ይዤለት እሄዳለሁ። ከፈለግሽ ነይ" አለችኝ።

እሁድ ጠዋት ሰልፉ ረጅም ነበር። ታይፒስቷ ምሳ ዕቃውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። እውነትም የሚያለቅስ ሰው የለም። ሰዉ የሚጨነቀው ወጡ እንዳይፈስበት፣ መታወቂያው እንዳይጠፋበት፣ ሰዓቱ እንዳያልፍበት ነው። ከፊታችን የቆሙ አንዲት እናት የሳህናቸው ክዳን አልገጥም ብሏቸው፣ ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዘው ሊያስሩት ይታገላሉ። ይህንንማ መርሳት የለብኝም ብዬ ከቦርሳዬ ቁራጭ ወረቀት አወጣሁና መጻፍ ጀመርኩ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለች ታይፒስቷ በሹክሹክታ። "መልሺው!"

"አንዴ ብቻ…"

"መልሺው አልኩሽ!"

አልመለስኩትም። ቀና ስል አንድ ፖሊስ አጠገቤ ቆሟል።

"ምንድን ነው የምትጽፊው?"

"ምንም… ማስታወሻ ነው።"

"የምን ማስታወሻ? ከማን ጋር ነሽ?"

"ከኔ ጋር ናት" አለች ታይፒስቷ። ድምጿ ቀጥኖ ነበር። የመግቢያው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው፤ እሷ ከተመለሰች ወንድሟ ያን ሳምንት ማንንም አያይም። ያን ያሰብኩት ገና ያኔ ነው።

ፖሊሱ ወረቀቱን ተቀበለኝ። ጽሑፌ አልነበብ ስላለው ይመስለኛል፣ ድምፁን አውጥቶ ቃል በቃል አነበበው።

"ክዳኑን በክር ታስራለች። የግራ ጫማዋ ተረከዝ ተበልቷል።"

እናትየው ቀስ ብለው ዞሩ። መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ከዚያ ጫማቸውን፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"እኔን ነው፣ ልጄ?"

ፊት ለፊት ቢያገኙኝ አንቱ የምላቸውን ሴት ወረቀት ላይ እሷ አድርጌያቸዋለሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም። ግራ እግራቸውን ቀሚሳቸው ስር ሰብሰብ አድርገው ፊታቸውን መለሱ።

"ይሄ እኔ ጋ ይቀራል" አለ ፖሊሱ ወረቀቱን እያጠፈ። "እሷ ትግባ። አንቺ ውጭ ጠብቂ።"

አንድ ሰዓት ያህል አጥሩ ጥግ ቆሜ ጠበቅኳት። ስትወጣ ባዶ ምሳ ዕቃዋን እንደያዘች አልፋኝ ሄደች። ሁለታችንም አቃቂ ስለምንኖር አንድ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጥቂት ከተጓዝን በኋላ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች፣ ወንድሟ ባያት ቁጥር የሚጠይቃትን አንድ ጥያቄ ነገረችኝ። አራት ቃል ብትሆን ነው።

ምዕራፉን እንደ አዲስ ጀመርኩት። ዝናቡን አወጣሁት፤ ለቅሶውንም። ስለ ጫማው ልጽፍ ስል "እኔን ነው፣ ልጄ?" የሚለው ድምፅ ይመጣብኛል፤ ቀድጄ እጥላለሁ። ስድስት ጊዜ ቀደድኩ። በሰባተኛው ባለታሪኬን ሰልፍ ላይ አቆምኳትና ከኋላዋ አንዲት ወሬኛ ዓይን አመጣሁባት፤ መታየቷን ስታውቅ እግሯን ትሰበስባለች። ስምንቱ ገጽ ሦስት ሆነ። መጨረሻው ላይ ባልየው ያችን የታክሲ ውስጥ ጥያቄ ይጠይቃታል። ደጋግሜ አነበብኩት።

ታይፒስቷ ስታነበው ፊቷን እያየሁ ጥፍሬን ጨረስኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣቷ ቆመ።

"ይሄ የኔ ነው" አለች።

"ምዕራፉን ቀጥ አድርጎ የያዘው እኮ ይሄ ጥያቄ ነው። ስም የለበትም፤ ማን ያውቃል?"

"ወንድሜ ያውቃል።" እስክሪብቶዋን ገፋ አድርጋ አቀረበችልኝ። "ሌላው ጥሩ ነው፤ እጽፈዋለሁ። ይሄን ግን አንቺው ሰርዢው።"

ልለምናት አሰብኩ። እሺ ብዬ ወጥቼ ሌላ ጽሑፍ ቤት ልወስደውም አሰብኩ፤ ይህን አልደብቅም። እጄ እስክሪብቶው ላይ እንዳለ ብዙ ቆየሁ። እሷ አልገፋፋችኝም። ሰረዝኩት። ጥያቄውን እዚህም ያልጻፍኩት ለዚያ ነው።

በኋላ መጽሐፉን ያየልኝ አርታኢ ከዚያ ገጽ ግርጌ በእርሳስ፣ "እዚህ ጋ ባልየው አንድ ነገር ማለት አለበት" ብሎ ጻፈልኝ። ሦስት ቀን ሞከርኩ። ብዙ ጥያቄ አፉ ውስጥ ከተትኩለት፤ አንዱም አልሆን አለ። በታተመው ላይ ባልየው ምንም አይልም። ዝም ብሎ ያያታል፤ ሰዓት አለቀ ይባላሉ፤ እሷም ሳህኗን ይዛ ትወጣለች።