ግድግዳችን አንሶላ በነበረበት ክረምት

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ያደግሁት እሪ በከንቱ ቁልቁለቱ ላይ፣ ቤት ከቤት ተደጋግፎ በሚቆምበት ሰፈር ነው። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ እሳት ተነሳና የእኛን መደዳ ጠራርጎ ወሰደው። ሰው አልሞተም፤ «ተመስገን፣ ነፍስ ተረፈ» ተባለ። እሳቱ ከማን ቤት እንደተነሳ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ግን አንድም ሰው አፉን ከፍቶ አላነሳውም። ሰውየው ከእኛ እኩል ሜዳ ላይ ወድቋል፤ ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ዕድሩ ድንኳኖቹን አወጣና ከሰፈሩ በታች ባለው ሜዳ ላይ ተከለልን። መቼም የዕድር ድንኳን ለለቅሶ እንጂ ለኑሮ አልተሰፋም። እናቴ የመጀመሪያው ቀን ስትገባ አማተበችና «ሰው ሳይሞትብን ድንኳን ገባን» አለች።

ጠላ የሚሸጡት እትዬ ከኋላዋ ፍራሽ ተሸክመው ነበር። «ቤትሽ ሞቶብሽ የለ እንዴ! ቁጭ በይና አልቅሺለት» አሏት። ሳቀች። ከእሳቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነበር።

አንዱን ድንኳን በአንሶላና በመጋረጃ ከፍለን ሦስት ቤተሰብ ሆነን ገባን። በአንዱ ጥግ እኔና እናቴ፣ በሌላው ጥግ ባለሱቋ ጎረቤታችን ከባሏና ከልጆቿ ጋር፣ መሃል ላይ ደግሞ ልትወልድ የደረሰች ወጣት ሚስት ከባሏ ጋር። ጠላ ሻጯ እትዬ አጠገባችን ባለው ድንኳን ነበሩ።

ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ተጣብቆ መኖር የራሱ ሥርዓት አለው። በር የለም፤ የሚንኳኳ ነገር የለም። ሆኖም ማንም ሰው የሌላውን አንሶላ ከመግለጡ በፊት ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። እግሩ ከታች እየታየ፣ እኛም እያየነው፣ «ማነው?» እንላለን። «እኔ ነኝ፣ ልግባ?» «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ!» አንዳንዴ የመሃሎቹ ባልና ሚስት ይጨቃጨቃሉ፤ በሹክሹክታ መሆኑ ነው። በነጋታው ሁላችንም ምንም አልሰማንም። ባለሱቋ ሙስሊም ናት፤ ፍልሰታ ሲገባ ሥጋ መጥበስ ካማራት ከሰል ምድጃዋን ይዛ እስከ ሜዳው ጫፍ ድረስ ትሄዳለች። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር እሷም ድስቷን አንስታ ትዞራለች።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ሽታ እኮ ጾም አይገድፍም!» ትላታለች እናቴ።

«አይገድፍም፣ ያስመኛል። የአንቺን ምኞት እኔ ምን አሸከመኝ?»

እናቴም በበኩሏ እሷ ልትሰግድ ውዱእ ስታደርግ ካየች ሬዲዮኑን ታጠፋዋለች፤ ዜናው መሃል ላይ ቢሆንም።

ያልተስማማነው ከጠላ ሻጯ እትዬ ጋር ብቻ ነው። የጠባችን መነሻ ቦይ ነበር። ክረምት ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው በድንኳኑ ዙሪያ ቦይ ይቆፍራል፤ እትዬ የቆፈሩት ቦይ ግን የእሳቸውን ዝናብ ሰብስቦ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ፍራሽ ያመጣዋል። እናቴ በአክብሮት ነው የምትጣላቸው፤ ይሄ ነው እኔን የሚያስቀኝ።

«እትዬ፣ ይህን ውኃ ወደዚያ ቢመልሱት ምን አለበት?»

«ውኃ መታወቂያ የለውም፣ የኔ እመቤት! ወደፈለገው ይሄዳል።»

«አካፋው ግን የማን እንደሆነ ይታወቃል።»

«ታዲያ ክሰሺኛ! ሥላሴ መንገድሽ ላይ አይደለም? ለእነሱ ንገሪያቸው!»

በየዝናቡ እንዲህ ነበር። ፍራሻችን አንድ ጎኑ ደርቆ አያውቅም።

ታላቅ ወንድሜ በከባድ መኪና ረዳት ነበር፤ ጂቡቲ ይመላለሳል። እሳቱ የደረሰ ጊዜ መንገድ ላይ ነበር። ሲመጣ ድንኳኑን አየና «በቃ፣ እናንተም እንደኔ ሸራ ሥር ገባችሁ» አለ። አንድ ሌሊት አብሮን አደረ። ቁመቱ ረጅም ስለነበር እግሩ በአንሶላው ሥር አልፎ እርጉዟ ጋ ወጣ። ጠዋት ስንነሳ እግሩ ላይ ጋቢ ደርባበታለች። «እንግዳ መጥቶብኝ አደረ» አለች ለእናቴ፣ «ሁለት እግር ብቻ ሆኖ።» ወንድሜ አፍሮ ጆሮው ቀላ። ሲሄድ ለእናቴ በሚቀጥለው ዙር ቆርቆሮ ይዞላት እንደሚመጣ ነገራት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እሱን ሳታውቁ የቀረው አይገባችሁም። እናቴ የአባቴን ሞት የሰማችው በስልክ ነው። ከአትክልት ተራ ቲማቲም ገዝታ ስትመለስ፣ መንገድ ልትሻገር ስትል ስልኳ ጮኸ። አንድ የማታውቀው ሰው «ባለቤቱ ነዎት? አርፏል፣ መጥታችሁ ውሰዱት» አላት። ብቻዋን፣ መኪና መሃል። አስፋልቱ ላይ ወደቀች፤ መንገደኛ ነው ያነሳት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰው ሲያናግራት አፍ አፉን ታያለች እንጂ መልስ አትሰጥም ነበር። እኔ ትንሽ ብሆንም ያን ዝምታዋን አልረሳውም። መርዶ እንዲያ አይነገርም። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ እጅ አጠገብ ሆኖ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ይህን ያውቅላት ነበር፤ ይቆጭላትም ነበር።

በፍልሰታ አንድ ቀን፣ እናቴ ልታስቀድስ ሥላሴ እንደሄደች፣ አጎቴ መጣ። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ነው፤ አትክልት ተራ ሽንኩርት ያከፋፍላል። እኔ አንሶላችን ጀርባ ልብስ አጥፍ ነበር። «ቤቶች» ሳይል ገባ።

«እታለም የለችም?» ሲል ሰማሁት።

«ቤተ ክርስቲያን ናት» አለች ባለሱቋ። «ምነው አንተ፣ ምን ሆነህ ነው? ላብህ!»

«ልጁ…» አለ። «ልጁ አለቀ። ከአዋሽ ወዲያ፣ መኪናው ተገልብጦ።»

እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም፤ የማውቀው ጩኸቴ ሳይወጣ በፊት ፊቴ ባለሱቋ ደረት ውስጥ እንደነበረ ነው። አንሶላውን ገልጣ እንዴት እንደደረሰችብኝ እንጃ። ጭንቅ አድርጋ ይዛኝ «እዚህ አልቅሺ፣ እዚህ ውስጥ አልቅሺ የኔ እናት» ትለኛለች። ያንን ልብሷን በእንባ አራስኩት። ከመሃል አንሶላ በኩል ያቺ እርጉዝ፣ በወለደች ሳምንቷ ነው፣ ሕፃኗን ታቅፋ አፏን በነጠላ አፍና ታለቅሳለች። በጫጫታው ጠላ ሻጯ እትዬም መጡ።

«ጠዋት ከንስሐ አባቷ ጋር እንመጣለን» አለ አጎቴ። «አስከሬኑ ረፋድ ላይ ይደርሳል። እስከዚያ ድረስ…» አለና ድንኳኑን ዙሪያውን አየው፤ አንሶላውን፣ መጋረጃውን። «እስከዚያ እዚህ ውስጥ እንዴት ሆኖ ይያዛል?»

«እሱን ለእኛ ተወው» አሉት እትዬ። «አንተ ሂድ። ይህን ፊትህን እንዳታሳያት።»

ወሬው ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲሄድ አየሁት። ድምፅ አልነበረውም። አንዲት ሴት ወደ ሌላዋ ጆሮ ዘንበል ትላለች፤ የሰማችው እጇን ራሷ ላይ ልትጭን ታነሳና፣ መሃል ላይ ሻሽዋን የምታስተካክል ይመስል ታወርደዋለች። ልጆቹ ነገሩ ገብቷቸው ኳሳቸውን ይዘው ዝም ብለው ቆሙ። እትዬ ተቆጧቸው፦ «ምን ቆማችኋል? ተጫወቱ! እንደ ወትሯችሁ ጩኹ! የሰፈሩ ፀጥታ ነው የሚያሳብቅብን።» ልጆቹም እየተያዩ መጮኽ ጀመሩ። እንደዚያ ያለ የኳስ ጨዋታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ልጅ ጎል አግብቶ የሚያለቅስበት።

ለእኔ ባለሱቋ አንድ ሣህን ሽንኩርት ሰጠችኝ። «ክተፊ፣ ዓይንሽ ምክንያት ያግኝ» አለችኝ።

እናቴ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መጣች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ባለሱቋ ቀደመቻት፤ «ስልክሽን አውሺኝማ፣ ካርዴ አልቆብኝ ወንድሜ ጋ ልደውል።» ወሰደችው፤ አልመለሰችውም። ሰው ደውሎ «እግዜር ያጽናሽ» እንዳይላት ነው። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ምነው ዓይንሽ?»

«ሽንኩርት ነው።»

ሣህኑን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ከተፍ ከተፍ አድርጊው፣ አታላሽቂው» ብላ ልብሷን ልትቀይር ዞረች።

ያን ጊዜ ዝናቡ ጀመረ። ውጭ የአካፋ ድምፅ ተሰማ። እናቴ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ስታይ፣ ጠላ ሻጯ እትዬ ቀሚሳቸውን በመቀነታቸው ሰብስበው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ዝናብ፣ ቦዩን ወደ ራሳቸው በኩል እያዞሩ ነው። ቀና ብለው አላዩዋትም። ቃልም አልተናገሩም፤ «ውኃ መታወቂያ የለውም» ይቅርና።

እናቴ አንሶላውን ይዛ ብዙ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«እትዬ ይታመሙብናል» አለች። «ይግቡ በያቸው።»

ማታ ላይ አራሷ ጋ የተሠራውን የጾም ወጥ ባለሱቋ በእጇ አጎረሰቻት። እናቴ እምቢ አላለችም። ጎረሰች፤ አጎረሰቻትም። ባለሱቋ ስለ አንድ ደንበኛዋ የሚያስቅ ነገር አወራች፤ እናቴ መሳቅ ባለባት ቦታ ላይ ሳቀች። ከምንተኛበት ስንገባ ራሴን ክንዷ ላይ አደረገችው። እኔ እንዳታውቅብኝ ትንፋሼን ስመጥን፣ የእሷም ትንፋሽ እንደኔው ልክ ልክ የተመጠነ ነበር። የእናቴን እንቅልፍ አውቀዋለሁ፤ ያ እንቅልፍ አልነበረም። አንድ ጊዜ ሕፃኗ አለቀሰች፤ አራሷ አጠባቻትና ዝም አለች። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ድንኳን ውስጥ፣ የሚያንኮራፋ እንኳ ጠፍቶ፣ ነጋ።

ጎህ ሲቀድ አጎቴ፣ ቄሱና የዕድሩ ሽማግሌዎች መጡ። ከአንሶላችን ውጭ ቆሙ። «ቤቶች» ለማለት ድምፅ ያገኘ ሰው አልነበረም።

«ግቡ፣ ብርድ ላይ አትቁሙ» አለች እናቴ ከውስጥ።

አንሶላውን ሲገልጡት ፍራሹን ጠቅልላ ጥግ አስይዛለች፤ ለሚመጣው ሰው ቦታ አውጥታለች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ባለሱቋ ይህን ስታይ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቀረች። እናቴ ግን ወደ መሃሉ አንሶላ ዞረችና «አራሷ ነቅታለች? ሕፃኗን ይዛ እትዬ ጋ ትሂድ፤ አራስ መደንገጥ የለባትም» አለች። አራሷ እያለቀሰች ልጇን አቅፋ ወጣች። እናቴ እስክትርቅ ጠበቀች። ከዚያ አጎቴን አየችው።

«በል እንግዲህ።»

አጎቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ቄሱም መስቀላቸውን እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ።

«ልጄ ነው አይደለም?» አለች። «ረጅሙ ልጄ።»

ከዚያ ጮኸች። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ የተያዘው ሁሉ ከእሷ ጋር ወጣ፤ ባለሱቋ፣ እትዬ፣ ልጆቹ፣ በየድንኳኑ ያለው ሰው ሁሉ። ብቻዋን አልጮኸችም። እንደ አባቴ ጊዜ አስፋልት ላይ አልወደቀችም፤ በየጎኗ የያዛት ሰው ነበረ።

ቀብሩ በዚያው ዕለት ሆነ። ስንመለስ አንሶላዎቹ ወርደዋል። ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን ሰብስበው ለለቅሶ እንዲመች ወጥተውልን ነበር። የት እንዳደሩ አልጠየቅናቸውም፤ እነሱም አልነገሩንም።

እናቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ስለዚያ ቀን የነገረችኝ። «ሽንኩርቱን ሳይ ጠረጠርኩ» አለችኝ። «እትዬ ቦዩን ሲያዞሩልኝ አወቅኩ። ዝናብ ላይ ያን ያህል የሚያዝንልኝ ሰው ከኖረማ ከእኔ የተወሰደው ልጄ ነው አልኩ። ልጮኽ ነበር። ግን እነዚህ ሰዎች እኔን በወግ ሊያረዱኝ ይህን ሁሉ ይዘው እየዋሉ፣ እኔ አንድ ሌሊት ያቅተኛል? አራስ አለች። አንቺም አለሽ።» ክንዷ ላይ ተኝቼ እንዳልተኛሁ ታውቅ ነበር። እሷም እንዳልተኛች እንዳወቅኩ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ የምናገረው አሁን ይህን ስጽፍ ነው።

ወንድሜን በዚያ መኪና ረዳትነት ያስቀጠረው አጎቴ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ከእናቴ ጋር ሲነጋገሩ አንድም ቀን አልሰማሁም። ከአርባው በኋላ ግን ሊጠይቀን በመጣ ቁጥር፣ አዲሱ ቤት ከገባንም ወዲህ፣ ቶሎ አይገባም። ደጃፉ ላይ ይቆምና ድምፁን ከፍ አድርጎ «እታለም፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ሁሉም ሰው ደህና ነው» ይላል። እናቴ «ግባ» ስትለው ጫማውን አውልቆ ይገባል።