የካርዲናሉ አንበሶች

ሙዚየም ውስጥ ጥበቃ ነኝ። ያን ሰሞን የተመደብኩበት አዳራሽ የጥንት አውሮፓ ሥዕሎች ነበሩበት፤ በመዳብ ላይ ተቀርጸው ወረቀት ላይ የታተሙ፣ ሁሉም አንድ ኃያል የካቶሊክ ካርዲናልን ለማወደስ የተሠሩ። አስጎብኚዋ በየቀኑ ስትደጋግመው እኔም ሸመደድኩት። በትልቁ ሥዕል ላይ ሰፊው ባርኔጣና ግራና ቀኝ የተንዠረገገው ዘርፍ የሰውየውን ማዕረግ ይናገራል፤ መላእክት የተሸከሙት ጋሻ ዘሩን። ጋሻው ላይ ያለው አንበሳ የቤተሰቡ ምልክት ነው። ከሥር ደግሞ ጺሙ የተንዘረፈፈ፣ ልብስ የሌለው ሽማግሌ በሁለት አንበሶች መሀል ተቀምጧል። እሱ የካርዲናሉ የትውልድ ከተማ ወንዝ ምሳሌ ነው። አይ ሰው! ወንዙን እንኳ አሽከር አደረገው።

አንድ እሁድ እናቴን ይዣት ገባሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ያለው አፓርታማችን ውስጥ ብቻዋን ስትብሰለሰል ከምትውል ብዬ ነው። ወንድሜ ሊቢያ ገብቻለሁ ብሎ ኮል ካደረገ ወዲህ ድምፁ ከጠፋ አራተኛ ወራችን ነበር።

ጥግ ላይ ወንበር ሰጥቻት ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ዘወር ስል እናቴ ነጠላዋን አመሳቅላ፣ የካርዲናሉ ሥዕል ፊት ተንበርክካለች።

"አቡዬ! እዚህም አለህልኝ?"

በእኛ ዘንድ ጻድቁ አቡዬ የሚሣሉት ጺማቸው ረዝሞ፣ በአንበሶችና በነብሮች መሀል ነው። ምን ታድርግ? የምታውቀውን ነው ያየችው።

"የልጄን ድምፅ አሰማኝ፤ ጃንጥላ አስገባለሁ" ብላ ተሳለች። ከዚያ ተነስታ የሥዕሉን መስታወት ሳመች።

አለቃዬ ከበሩ እያየኝ ነበር። ደሜ ፈላ።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? አቡዬ አይደሉም! የካርዲናሉ አገር ወንዝ ነው፤ አንበሶቹም የሰውየው የዘር ምልክት ናቸው!"

"ለወንዝ ነው የሰገድኩት?" አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ።

አለቃዬ መጥቶ ጨርቅ አቀበለኝ። እናቴ እያየችኝ የሳመችበትን ጠረግኩት።

ቤት ስንገባ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ "ስለቴን አበላሸሁት። ልጄን ማን ይጠብቅልኝ አሁን?" ብላ አለቀሰች። ምናለ ያኔ አፌን ቢዘጋው! ሥራዬን አስበልጬ አዋረድኳት።

ማክሰኞ ጠዋት አዳራሹ ጎብኚ ሳይገባበት ካርዲናሉ ፊት ቆምኩ። የሚያየኝ ሰው እንደሌለ ግራና ቀኝ ተገላመጥኩ።

"ጌታው" አልኩት በሹክሹክታ፣ "ያንተ ያልሆነ ስለት ሰምተሃል። አንበሶችህንም ወንዝህንም ለራስህ ያዛቸው፤ የእናቴን ልመና ግን ለባለቤቱ ለአቡዬ አድርስ። ያሳፈርኳት እኔ ነኝ። በኔ ጥፋት ወንድሜ አይቀጣ።"