የዕድሩ ኮምፒውተር ዝም ያለበት ማለዳ

ኮምፒውተርን «ድምፅህ ክፍት ነው ዝግ?» ብሎ ስክሪፕት በሚባል አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ መጠየቅ እንደሚቻል የተማርኩት ሰው ለመክሰስ ብዬ ነው። ይህን ሳልደብቅ ብጀምር ይሻላል። ሐረር፣ ከግንቡ ውጭ አዲሱ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። የአንድ ነገር ምክንያቱ ካልገባኝ ምግብ አይዋጥልኝም። በልጅነቴ የቤታችንን ሬዲዮ ፈታትቼ መልሼ መግጠም ስላቃተኝ አባቴ ለአንድ ወር አኩርፎኛል። በዚያ ሰሞን ግን ጉጉቴ ንጹሕ አልነበረም። የዕድራችንን ጥሩምባ ነፊ በማስረጃ አንቄ መያዝ ፈልጌ ነበር።

ዕድራችን አቦከር በሚባለው የሐረር ሰፈር ነው። አብዛኞቻችን ቅድመ አያቶቻችን በወታደርነት ወደ ሐረር መጥተው እዚሁ የቀሩ ክርስቲያኖች ነን። ሐረሪ ጎረቤቶቻችን አፎቻ የሚሉት የራሳቸው ዕድር አላቸው። እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ለቀብር የሚጠሩን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ትንሽ ትልቁ «ጋሼ» ይላቸዋል። ማለዳ ጥሩምባቸውን ይዘው በየቅያሱ ይዞራሉ፣ ይነፋሉ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። ሥራውን የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው። ኋላ ላይ ዕድሜ ሲጫናቸው ትንፋሻቸው አጠረ። አቀበቱ ላይ ሲደርሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይሉና፣ ከላይ ያለው ሰፈር ሳይሰማ ይረፍድበታል።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጥሪውን በዕድሩ ዳኛ ድምፅ እንቅዳ፣ የዕድሩ ቤት ጣራ ላይ ድምፅ ማጉያ እንስቀል፣ ኮምፒውተሩ በተባለው ሰዓት ራሱ ያጫውተው አልኩ። ማጉያውን ጀጎል ውስጥ ለመስጊዶች ጭምር ከሚሸጥ ነጋዴ ገዛነው። «ወላሂ፣ ሐኪም ጋራ ድረስ ነው የሚሰማው! አቦ፣ ሟቹ ራሱ ሳይሰማው አይቀርም» አለን። ዳኛችን አማተበ፤ እኔ ሳቅኩ።

ጋሼ ጥሩምባውን ለዳኛው አስረከቡ። ከመስጠታቸው በፊት አፉን በነጠላቸው ጫፍ ደጋግመው ጠረጉት። እኔ ያን ጊዜ ለክፍለ ጊዜዬ ላረፍድ ነው ብዬ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ከዚያ ወዲያ የእሳቸው ሥራ የዕድሩን ቤት ቁልፍ መያዝ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ የማጉያውን ሽቦ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ማብራት ሆነ። አንድም ቀን ቅር አለኝ አላሉም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀብሮች ያለ ችግር አለፉ። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ እኔም ልቤ አበጠ። ሦስተኛው ሟች በጡረታ ላይ ያሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ሆስፒታል ውስጥ ከሰዓት በኋላ አረፉ፤ ቀብሩ በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ተባለ። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ በባጃጅ ወደ ዕድሩ ቤት ሄድኩና የዳኛውን ድምፅ ቀዳሁ፤ ለንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓትም ሞላሁት። መሞከር ነበረብኝ። ነገር ግን መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ አመሻሽ ላይ በጣራው ማጉያ ብለቀው ሰፈሩ በእንባ ሊያድር ነው። ስለዚህ ሽቦውን ሳልሰካ በኮምፒውተሩ በራሱ ትንሽ ድምፅ ማውጫ ሰማሁት። ጥርት ያለ ነበር። ሽቦውን እንዲሰኩ ለጋሼ ነግሬ ወጣሁ። ትንሽ ቆይተው ደወሉልኝ። «ሰካሁ፣ አበራሁ፣ ቆለፍኩ» አሉ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለቅሶ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ወንበሩ ተደርድሯል፤ ሰው ግን የለም። አራት አምስት የቅርብ ዘመዶችና የግድግዳ ጎረቤቶች ብቻ ተቀምጠዋል። እኔ የማድረው አዲሱ ከተማ ስለሆነ ማጉያው አይሰማኝም። ዳኛው ከንጋት ጀምሮ አስከሬን ለማምጣት ሆስፒታል ነበር። ጋሼ ደግሞ ከጥሩምባው ስለተገላገሉ ኪዳን ሊያደርሱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ሦስታችንም ጥሪው ተለቋል ብለን ነበር። ስልኬን አውጥቼ ያገኘሁትን ሁሉ መደወል ጀመርኩ። እየሮጡ የመጡት የደረሱት አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። የሟቹ ባለቤት ከመቃብሩ አጠገብ ቆመው ዙሪያቸውን ያዩ ነበር። «ማንን በድሎ ነው? ንገሩኝ እንጂ፣ ማንን በድሎ ነው?» ይሉ ነበር።

ቁልፉን ከጋሼ ተቀብለን ከቀብር በቀጥታ ከዳኛው ጋር ወደ ዕድሩ ቤት ሄድን። ሽቦው ተሰክቷል። ማጉያው በርቷል። ኮምፒውተሩም ጥሪውን በሰዓቱ አጫውቶ ጨርሷል። ነገር ግን ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው የድምፅ ምልክት ላይ መስመር ተሰምሮባታል። ሚዩት ተደርጓል። እንግዲህ ኮምፒውተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ መርዶውን ተናግሯል፤ ድምፁ ግን ታፍኗል። ደሜ ፈላ። ማታ ክፍት እንደነበረ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከእኔ በኋላ ደግሞ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዳኛው አየኝ፣ እኔም አየሁት። ሌላ ሰው እንዳይነካው ብዬ ሽቦውን ነቀልኩና ኮምፒውተሩን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እስከ ማግስቱ ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ጥሩምባውን ስለቀሙት ተበቀለ ተባለ። ለእሑድ ስብሰባ ተጠራ፤ አጀንዳው ጋሼን ከዕድሩ ማስወጣት ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኛ ሰፈር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ያን ሁሉ ዓመት ሰው ሲያስቀብሩ የኖሩ ሽማግሌ፣ የእሳቸው ቀን ሲደርስ ድንኳን የሚተክልላቸው አይኖርም። ዳኛው ሲጠይቃቸው «ሰክቻለሁ፣ አብርቻለሁ፣ ቆልፌያለሁ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እኔም እንደ ሰፈሩ ሁሉ ዋሽተዋል ብዬ አመንኩ።

ስክሪፕቱን የጻፍኩት ያን ጊዜ ነው። አምስት መስመር ትእዛዝ ናት። በየደቂቃው ኮምፒውተሩን «ድምፅህ ክፍት ነው ዝግ?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ መልሱን ከነሰዓቱ ትመዘግባለች። ሐሳቤ ወጥመድ ማጥመድ ነበር። ጋሼን እንደገና ሽቦውን እንዲሰኩ አደርግና፣ እጃቸው የድምፁን ቁልፍ የነካበትን ደቂቃ በጽሑፍ ይዤ ስብሰባ ላይ ማንበብ።

ስክሪፕቷን ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አስነሣኋት። ክፍት አለች። ከደቂቃ በኋላም ክፍት። በማግስቱም ቀኑን ሙሉ ክፍት፣ ክፍት፣ ክፍት። ቆይ እስቲ አልኩ። ዕድሩ ቤት ሳየው ዝግ ነበር፤ ዳኛውም አይቷል። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ታዲያ ማን ከፈተው? ጋሼ ቤቴ ድረስ መጥተው አልከፈቱት! ነገሩ እንደ እሾህ ወጋኝ። ክፍል ውስጥ ቆሜ እያስተማርኩ ሁሉ አስበው ጀመር። ተማሪዎቼ ጥያቄ ሲጠይቁኝ «ምን አላችሁ?» እያልኩ አሰለቸኋቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ ክሱንም ረሳሁት። ማወቅ ብቻ ፈለግኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ከጋሼ ተቀብዬ ኮምፒውተሩን ወደ ዕድሩ ቤት መለስኩት። ቁልፉን ሲሰጡኝ ዓይናቸውን ሳላይ ነው የተቀበልኳቸው። ኮምፒውተሩን በዚያ ማታ የነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ስክሪፕቷ ክፍት አለች። የድምፁን ቁልፍ ሳልነካ የማጉያውን ሽቦ ብቻ ሰካሁ። የሚቀጥለው መስመር ዝግ አለ። ነቀልኩት፤ ክፍት። ሰካሁት፤ ዝግ። ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም። ለካ ኮምፒውተሩ የያዘው ትእዛዝ ሁለት ነው። አንዱ ለራሱ ድምፅ ማውጫ ነው፤ ሌላው በሽቦ ለተሰካው። አንዱን ዝም በል ብትለው ሌላውን አይነካውም፤ ሽቦው ሲመለስ ያን የድሮውን ትእዛዝ አስታውሶ ዝም ይላል። እኔ ያን ማታ የሞከርኩት ክፍት የነበረውን ነው። ዝግ የነበረው ሽቦው እስኪሰካ ይጠብቅ ነበር።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ግን ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ አጨብጭቤያለሁ። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ መጣ። ሽቦው ተሰክቶ ሳለ ዝም በል ያለው ማነው? ይህን ለማወቅ ስክሪፕት አላስፈለገኝም። ከሁለተኛው ቀብር በኋላ የድምፁን መጠን ለማስተካከል ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር፤ ሽቦውም ተሰክቶ ነበር። በመሃል መልእክት ገባና የኮምፒውተሩ ጩኸት በጣራው ማጉያ ሰፈሩን አናጋው። በር ላይ ጫት የምትሸጠው ሴትዮ በድንጋጤ ሸክሟን ጣለች። ሁላችንም በሳቅ ፍርስ አልን። እኔም እየሳቅኩ በአንድ ጣቴ የድምፁን ቁልፍ ተጫንኩ። ዝም በል ያለችው ያችው ጣቴ ናት።

ጋሼ በር ድረስ ሄጄ፣ ቁልፉን ለልጃቸው ሰጥቼ ሳልገባ ተመለስኩ። ሌሊቱን ሙሉ የምናገረውን ስቀምም አደርኩ። «ሽቦ ሲሰካ መሣሪያው ራሱ የሚያመጣው ችግር ነው» ብል ማንም አይመረምረኝም፤ ጋሼም ይድናሉ፤ እኔም እድናለሁ። ዐረፍተ ነገሩን ደጋግሜ ተለማመድኩት፤ አማረልኝም።

እሑድ የዕድሩ ቤት አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። የሟቹ ባለቤት ጥቁር ለብሰው ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠዋል። ዳኛው አጀንዳውን አንብቦ ሳይጨርስ ጋሼ ተነሡ። ነጠላቸውን አደግድገዋል።

«እኔ መኪናውን አላውቀውም» አሉ፤ ኮምፒውተሩን ማለታቸው ነው። «እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሁላችሁም ታዩታላችሁ። በክፋት አልነካሁም። ሳላውቅ ግን ነክቼ ይሆናል። ሰውየው ከተቀበረ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሐሙስ ዕለት ባለቤቱ ቤት ሄጄ እግሯ ላይ ወድቄያለሁ። ይቅር ብላኛለች። እናንተ ደግሞ የመሰላችሁን ወስኑ።»

የሟቹ ባለቤት በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያ ያማረው ዐረፍተ ነገሬ አፌ ውስጥ ደረቀ። ተነሣሁና ኮምፒውተሩን ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩ። ስለ ሽቦው፣ ስለ ስክሪፕቱ፣ ስለ ሁለቱ ትእዛዞች ማብራራት ጀመርኩ። ሰካሁ፣ ነቀልኩ። አንዱ ከኋላ «አቦ፣ ምንድን ነው የምትለው? በሰው አፍ አውራ!» አለኝ። ልክ ነበር፤ በቴክኒክ ቃላት ውስጥ እየተደበቅኩ ነበር።

«ድምፁን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «በኮሚቴው ስብሰባ ቀን፣ እየሳቅን። ከዚያ ረሳሁት። ጋሼ ምንም አልነኩም። ዋሽተዋል ብዬ ላጠምዳቸውም ነበር።»

ዳኛው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጋሼ ቆመው አዩኝ፤ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ሽቦውን እንግዲህ ደህና ነው የሰካሁት?» አሉኝ።

«ደህና ነው የሰኩት፣ ጋሼ።»

«ማብሪያውንስ?»

«እሱንም።»

ቀስ ብለው ተቀመጡና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከአጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ጀርባቸውን ይዳብሱ ጀመር፤ ከጥቂት ቀን በፊት ሰላምታ የነሷቸውም ነበሩበት። ዳኛው «እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆኗል፤ የይቅርታውም ነገር አስቀድሞ አልቋል፤ ስብሰባውን በጸሎት እንዝጋ» አለ። እኔም ፈሪ ነኝና፣ በሆዴ ተመስገን ብዬ ኮምፒውተሩን መዝጋት ጀመርኩ።

«አላለቀም» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ በኩል መጣ። የሟቹ ባለቤት ናቸው። ሳይቆጡ ነው የተናገሩት።

«ለጋሼ ይቅር ያልኩት ለእሳቸው ብቻ ነው፤ ለሌላ አይተላለፍም። አንተ የራስህን ገና አልጠየቅከኝም» አሉኝ።

ጫማዬን አውልቄ በወንበሮቹ መሃል ወደ እሳቸው ሄድኩ።