በተነገረው ተራ

እማዬ አንዋር መስጊድ አጠገብ መጋረጃ መሸጥ የጀመረችው እኔ ሳልወለድ ነው። በቅርቡ ዓይኗ ደከመና የካልኩሌተሩ ቁጥር ይደበዝዝባት ጀመር። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲያይ፣ «በቃ፣ ከዒድ በኋላ ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ፤ አንቺ እቤት አረፍ በይ» አላት። አረፍ በይ! ያቺን ሴት እቤት ማስቀመጥ በቁሟ መቅበር ነው። እንዴት ንድድ እንዳለኝ!

የኮምፒውተር ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እየፈለግኩ ነበር። ቁጭ አልኩና ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ፤ እማዬ ስሌቷን ለስልኩ ትናገራለች፣ ስልኩ አስልቶ መልሱን ጮክ ብሎ ይነግራታል። ፓይተን ደግሞ ሙሉ ስሌት በአንድ መስመር ሲሰጡት ወዲያው ነው የሚያወጣው። የመጀመሪያውን መልስ ስሰማ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ! ወንድሜን ፕሮግራሟን አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ እንዲሞክራት ለመንኩት። «እሺ፤ ከተሳሳተች ግን አለቀ፣ ሱቁን እይዘዋለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጇን የምትድር ሴትዮ መጣች። ከወደደችው ጨርቅ የቀረን አንድ ጣቃ ብቻ ነው። አንዱ መስኮት ሁለት ሜትር፣ ሌላው ሦስት፤ እንዲሸነሸን ደግሞ እጥፍ ይሆናል። እማዬ ስልኩን አስጠግታ፣ «ሁለት ሲደመር ሦስት፣ ሲባዛ በሁለት» አለች።

«ስምንት» አለ ስልኩ።

እማዬ ስምንት ሜትር ለክታ መቀሱን አነሳች። እኛ ጨርቅ ጫፉን በመቀስ ነካ አድርገን በእጅ ነው የምንቀደው፤ ከተቀደደ ተቀደደ ነው።

«እማዬ፣ ቆዪ! አሥር ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ወዲያው ገባኝ። ፓይተን እንደ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማባዛቱን አስቀድሞ ሠርቷል። የሱቅ ካልኩሌተር ግን በነኩት ተራ ነው የሚሄደው፤ እማዬም ዕድሜ ልኳን በዚያው ተራ ስታሰላ ኖራለች።

«አላልኩም?» አለ ወንድሜ ከበሩ።

«አንተ ሂድና ሻይህን ጠጣ!» አልኩት።

ላፕቶፔን ከፈትኩ። ፕሮግራሙ እንደ «ሲባዛ» ያለ አዲስ ምልክት በሰማ ቁጥር እስከዚያ የተነገረውን በቅንፍ እንዲዘጋ አደረግኩት። ሴትዮዋ ተቁነጠነጠች። «እትዬ፣ ሌላ ሱቅ ልይ እንዴ?»

«ኧረ ተቀመጪ፣ ልጄ እየሠራች ነው» አለቻት እማዬ።

እንደገና ተናገረች። ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ።

«አሥር!»

ወላሂ ዘለልኩ! ጭንቅላቴ ከተሰቀሉት መጋረጃዎች ጋር ተጠላለፈ፤ እማዬ በሳቅ ፍርስ አለች። ከዚያ ጨርቁን በእጇ እየዳበሰች ለካችና ሸርርር አድርጋ ቀደደችው።

ሴትዮዋ ጥቅሏን አቅፋ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለች። «ታናሿን ስድርም እዚሁ ነው የምመጣው። ማንን ልጠይቅ?»

ወንድሜ አፉን ከፈተ።

«እኔን ነዋ!» አለች እማዬ።