ስድስት ልጆች የዋጠው ሴል

ኤክሴል ላይ የተዋሃደ ሴል፣ ብዙ ሳጥን አንድ የተደረገበትን፣ ሳይ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። አላጋነንኩም፤ ፋይል ከፍቼ አንድ ቁጥር ሰባት ረድፍ ይዞ መሃል ላይ ተንሰራፍቶ ካገኘሁት አፌ ይመርራል።

ጅግጅጋ ውስጥ አንድ የእርዳታ ድርጅት የዳታ ሠራተኛ ነበርኩ። ከሸደር የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የአዲስ ገቢዎች የስንዴ ዝርዝር በኤክሴል ይመጣልኛል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ አለው። የካርድ ቁጥሩ ግን ለቤተሰብ አንድ ስለሆነ፣ መዝጋቢዎቹ የቤተሰቡን ሴሎች አዋህደው ቁጥሩን መሃል ላይ ያስቀምጡታል። አለቃችን ናቸው ያዘዙት። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር «ማማር አለበት» ይላሉ። ማማር! የተራበ ሰው ለሚያነበው ወረቀት።

እኔም ከእሳቸው አልሻልም። በእጅ ማጽዳት ታክቶኝ ማክሮ፣ ሥራውን በራሱ የሚሠራ አጭር ኮድ፣ ጻፍኩ፦ የካርድ ቁጥር የሌለውን ረድፍ ሰርዝ። የተዋሃደ ሴል ለዓይን አንድ ሳጥን ይምሰል እንጂ ቁጥሩ ያለው የላይኛው ረድፍ ላይ ብቻ ነው፤ የታችኞቹን ኮዱ ባዶ ብሎ አንብቦ ይሰርዛቸዋል። ይህን አላውቅም ነበር። አለቃችንም ዝርዝሩ ለምን አጠረ ብለው እንኳ ሳይጠይቁ ፈረሙ።

በእደላው ቀን ሸደር ነበርኩ። ከሰልፉ መጀመሪያ የነበረችው ሴት የአንድ ሰው ስንዴ ተሰፈረላት። ከረጢቷን አየች፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር አየች፣ ከዚያ በሶማሊኛ አንድ ነገር ተናገረች። ወደ አስተርጓሚው ዞርኩ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ስድስቱን ልጆቼን ማን ገደላቸው ነው የምትለው።»

ላፕቶፔን እዚያው ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። ጥገናው ሁለት መስመር ነበር፦ ሴሉ የተዋሃደ ከሆነ ከላይኛው ሴል ያለውን አንብብ። ውሃ የበላቸው ልጆች በሙሉ ዝርዝሩ ላይ ተመለሱ። ለአለቃችን ደወልኩ።

«ተፈርሞበታል እኮ! በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል» አሉኝ።

ተጸየፍኳቸው። ራሴን ደግሞ ከእሳቸው ይበልጥ፤ «እሺ ጌታዬ» ብዬ ነበር ስልኩን የዘጋሁት። ሴትየዋ ያቺኑ ስንዴ ተሸክማ ሄደች።

በወሩ ዝርዝሩ ተስተካክሎ፣ የሰባቱም ስም ወጥቶ ተለጠፈ። እሷ ግድግዳውን ዞር ብላም አላየችው። ልጆቿን በሙሉ ይዛ መጥታ ፊቴ አሰለፈቻቸው።

«ወረቀታችሁን አላምነውም፣ አንተው ራስህ ቁጠራቸው ትላለች» አለኝ አስተርጓሚው።

ያዘለችውን ሕፃን አውርዳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ከእሱ ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ።